ምንጭ ከየት ልጀምር? ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆኑ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ሲኒየር ኢሴዬን ለአድቫይዘሬ በሰጠሁ በሳምንቱ ተመለሰልኝ። ከዋቢዎቹ መካከል አራቱ በቀይ ተከበዋል። ጎናቸው ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ተጽፋለች፦ «እነዚህን አንብበሃቸዋል?» አላነበብኳቸውም። ከኔ በፊት ከተመረቀ ልጅ ወረቀት ላይ እንዳሉ ነበር የገለበጥኳቸው። ይባስ ብሎ አንደኛው፣ ወጣ በተባለበት ዓመት፣ ወጣ በተባለበት ጆርናል ላይ ፈጽሞ የለም። የመጀመሪያው ሰው ዓመቱን ተሳስቷል፣ ሁለተኛው ቀድቶታል፣ ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ማፈሬን ተዉት፣ ሪፈረንሱን እንደ አዲስ ስሠራ ሦስት ሳምንት ሄደብኝ።

አሁን ታናሽ እህቴ እዚያው ላይ ደርሳለች። ርዕሷ በደቡብ ወሎ ገጠር ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር ነው። «ከየት ልጀምር?» ስትለኝ ባጭሩ መመለስ አቃተኝ። ጉግል ስኮላር አለ፣ ላይብረሪ አለ፣ የቀደሙ ተማሪዎች ቴሲስ በፒዲኤፍ ይገኛል፣ ቴሌግራም ላይ መጽሐፍ ይዘንባል፣ ቻትጂፒቲ ደግሞ ሃያ ዋቢ ባንድ ትንፋሽ ይደረድራል። ለሷ በየቀኑ በስልክ ያልኳትን ሰብስቤ ነው እዚህ የጻፍኩት።

መጀመሪያ መለኪያው

አምስት ነገር እያየሁ ነው የማወዳድረው። አንደኛ፣ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ሌላ የሙያው ሰው አይቶታል ወይ? ሁለተኛ፣ ስንት ያስወጣል? ብሩም፣ ዳታውም፣ የታክሲውም ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ለያዝኩት ርዕስ ምን ያህል ቅርብ ነው? ስለ ሕፃናት አመጋገብ የተጻፈ ነገር ሞልቷል፣ ስለ ደቡብ ወሎ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። አራተኛ፣ አንባቢዬ ራሱ ሄዶ ሊያገኘው ይችላል? ሳይቴሽን ዋና ሥራው ይሄ ነው፣ ለጌጥ የሚደረግ አይደለም። አምስተኛ፣ ስንት ጊዜ ይበላል?

ብዙዎቻችን የምናየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በነፃ ይወርዳል? አዎ። በቃ፣ ገባ።

የድሮ ቴሲስ፦ ጥሩ መነሻ፣ መጥፎ መድረሻ

ከዚህ የጀመርኩት አብዛኛው ተማሪም ከዚህ ስለሚጀምር ነው። አልቃወምም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ሥራዎችን ኦንላይን ያስቀምጣል፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው አላቸው። ነፃ ነው። ለርዕስ ቅርበት ደግሞ የሚወዳደረው የለም፤ እህቴ ስለዚያው አካባቢ የተሠራ ወረቀት አንድ ከሰዓት በኋላ ባልሞላ ጊዜ ነው ያገኘችው።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ጀርባው ላይ ነው። አዲስ የተሠራ ጥሩ ቴሲስ ካገኛችሁ መጀመሪያ የዋቢ ዝርዝሩን ክፈቱ። ሌላ ሰው ስድስት ወር ለፍቶ የሰበሰበው ካርታ ነው። ከዚያ ግን እያንዳንዱን ዋቢ ራሳችሁ ፈልጋችሁ አውጡ፣ አንብቡ፣ ከዚያ ጥቀሱ። ማግኘት ካልቻላችሁ «እገሌ፣ በእገሌ እንደተጠቀሰው» ብሎ መጻፍ አለ፤ አያሳፍርም። ይሄ ነገር ሲበዛ ግን ወረቀቱ ወሬ ለወሬ ይሆናል፣ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ካለፈ አድቫይዘር ይነቃል።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ቴሲሱን ያዩት አማካሪውና ፈታኞቹ ናቸው። አንዳንዱ ክፍል ጥብቅ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ… እናንተው ታውቁታላችሁ። የዘዴ ምዕራፉን ተማሩበት። ቁጥሩን ግን ከሱ አትውሰዱ።

ጉግል ስኮላር

በ2004 የተጀመረ (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ ነፃ፣ በስልክም የሚሠራ መፈለጊያ ነው። ፍጥነቱን ማንም አይደርስበትም። ግን መረብ ነው እንጂ ወንፊት አይደለም። በሌላ ባለሙያ የተገመገመ አርቲክል፣ ያልተገመገመ ረቂቅ፣ ቴሲስ፣ ገንዘብ ብቻ ተቀብሎ የሚያትም ጆርናል፣ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ ተደርድሮ ይመጣል። «ስኮላር ላይ ነው ያገኘሁት» ማለት «መርካቶ ነው የገዛሁት» እንደማለት ነው። ከየትኛው ሱቅ?

ብዙ ሰው የማይነካቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። ከእያንዳንዱ ውጤት ሥር «ሳይትድ ባይ» የሚል ቁጥር አለ፤ ስትጫኑት ያንን ጽሑፍ በኋላ የጠቀሱትን ሁሉ ያወጣላችኋል። የድሮ ቴሲስ ወደ ኋላ ይወስዳችኋል፣ ይሄኛው ወደ ፊት። ሌላው «ኦል ቨርዥንስ» የሚለው ነው። አርቲክሉ 30 ወይም 40 ዶላር ክፈሉ ካላችሁ እሱን ተጫኑ፤ ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ወይም ዩኒቨርሲቲው በነፃ ያስቀመጠው ቅጂ እዚያ ይገኛል። ካልተገኘ ለደራሲው ኢሜይል መጻፍ ነው። ሁለት መስመር ይበቃል። ሰው ሥራውን ሲያነቡለት ደስ ይለዋልና ብዙዎቹ ይልካሉ።

ፍለጋ ላይ የኛ ጣጣ አጻጻፍ ነው። ወሎ በላቲን ፊደል አንዳንዴ በኦ፣ አንዳንዴ በኢ ይጻፋል። ጎንደርም እንዲሁ አንዱ በኤ ሌላው በኢ ነው የሚጽፈው። ምኒልክማ ስንት ዓይነት እንደሆነ ቆጥሬ አልጨረስኩም። በአማርኛ ስትፈልጉም ፀሐይና ጸሀይ፣ ኃይሉና ሀይሉ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንድ ጊዜ ፈልጎ «በርዕሴ ላይ የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ፕሮፖዛል ላይ መጻፍ አደገኛ ነው። እህቴ ልትጽፈው ስትል ነው ያስቆምኳት፤ ፊደሉን ስትቀይር ስድስት አርቲክል ወጣ።

በተቋም በኩል የሚከፈቱ በሮች

ይሄ ክፍል ብዙ ተማሪ ሳያውቀው የሚመረቅበት ነው። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። በውስጡ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በ2002 የተጀመረው ሂናሪ (ለጤና) እና በ2003 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በኩል የመጣው አጎራ (ለግብርናና ለምግብ) ይገኙበታል። ከሌላ አገር ሲሆን ብዙ ዶላር የሚጠይቁ ጆርናሎችን ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ላሉ ተቋማት በነፃ ወይም በጣም ባነሰ ዋጋ ይከፍታል። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም ስለሆነ ተማሪ ለብቻው አይመዘገብም። ላይብረሪ ሂዱና «የሂናሪ ፓስወርድ አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። አለ ተባልኩ!

ለኢትዮጵያ ጉዳይ ደግሞ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን አለ። ከ1998 ጀምሮ የቆየ፣ መሠረቱ ደቡብ አፍሪካ የሆነ፣ የአፍሪካ ጆርናሎችን ባንድ ቦታ የሚሰበስብ ነው። አገር ውስጥ የሚታተሙ የጤና፣ የግብርና፣ የትምህርት ጆርናሎች እዚያ አሉ፤ ብዙዎቹም በነፃ ይወርዳሉ። ለጤና ርዕስ ፐብሜድ ሴንትራልን ጨምሩበት፣ ሙሉ ጽሑፉን በነፃ ይሰጣል። ታሪክና ማኅበራዊ ሳይንስ የሚሠራ ሰው ደግሞ ጄስቶር ላይ ነፃ አካውንት ከፍቶ በወር እስከ 100 ጽሑፍ ኦንላይን ማንበብ ይችላል። ማውረድ ግን አይፈቅድም፣ ስለዚህ ዳታ ይበላል።

በአምስቱ መለኪያ ስመዝነው ለሳይንስና ለጤና ተማሪ ይሄኛው አንደኛ ነው። ጉድለቱ መጀመሪያ ላይ መሄድና መጠየቅ ይፈልጋል፣ በዚያ ላይ የካምፓስ ኔትወርክ እንደ ዕድላችሁ ነው።

እግር የሚያስኬዱት

ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ባህል፣ ሕግ ከሆነ ርዕሳችሁ ኢንተርኔት ብቻ አይበቃም። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1963 (በፈረንጅ) ነው የተቋቋመው። ስለ ኢትዮጵያ ውጭ አገር የተሠሩ ጥናቶች፣ የቆዩ ኅትመቶችና የብራና ጽሑፎች ተሰብስበው ያሉት እዚያ ነው። ወመዘክር ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተጀመረ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ነው፤ የድሮ ጋዜጣና ማኅደር የሚፈልግ ሰው መጨረሻው እዚያው ነው። ለማንበቢያ ቦታ ብቻ ከሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። መታወቂያና ከክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደብዳቤ ረስቶ መመለስ የተለመደ ነው።

ከክልል ለሚመጣ ተማሪ ወጪው ከባድ ነው። ለአንድ መጽሐፍ ብላችሁ አዲስ አበባ አትምጡ። ዝርዝር አውጡ፣ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ባንድ ጉዞ ጨርሱ። ፎቶ ስታነሱ ወይም ኮፒ ስታስደርጉ የርዕስ ገጹንና ጀርባውን አብራችሁ ውሰዱ። አሳታሚው፣ ከተማውና ዓመቱ ያለው እዚያ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው በዲፌንስ ዋዜማ ለአንዲት ዓመት ብሎ ሲደውል ያድራል።

ቁጥር ከሆነ የምትፈልጉት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የብዙ ወረቀት ጉድ ያለው ቁጥር ላይ ነው።

የመቀንጨርን ነገር እንውሰድ። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው ይላል፣ የ2019 አነስተኛው ጥናት 37 በመቶ። እዚህ ድረስ ሰላም ነው። የ2005ቱን ስትፈልጉ ግን አንዱ ወረቀት 47፣ ሌላው 51 ብሎ ይጽፋል። ማነው የተሳሳተው? ማንም። የ2005ቱ ሪፖርት ሲወጣ በድሮው የዕድገት መለኪያ ነበር የተሰላው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 አዲስ መለኪያ ሲያወጣ ያው መረጃ እንደገና ተሰልቶ ከፍ አለ። ዋናውን ሪፖርት ያልከፈተ ሰው 47ን ከ38 ጋር አወዳድሮ «የቀነሰው 9 ነጥብ ብቻ ነው» ይላል። በአንድ መለኪያ ሲለካ ግን የቀነሰው 13 ነው። የምዕራፍ አራት ክርክር በሙሉ እዚህ ላይ ሊገለበጥ ይችላል።

ሌላም አለ። ይህ ጥናት የተዘጋጀው ለአገርና ለክልል ነው። ለዞን አይሆንም። ስለዚህ እህቴ «በደቡብ ወሎ ይህን ያህል በመቶ» የሚል ቁጥር ከሱ ማውጣት አትችልም። የክልሉን ጠቅሳ ለዞኑ በአካባቢው የተሠሩ ጥናቶችን መጠቀም አለባት።

የሕዝብ ቁጥርም እንደዚሁ ነው። አገሪቱ ሕዝብ የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ነው፦ በ1984፣ በ1994 እና በ2007 በፈረንጅ። ከዚያ በኋላ የምታዩት የወረዳም የአገርም ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። መጥቀስ ይቻላል፤ ትንበያ መሆኑንና የማን እንደሆነ ግን ጻፉ፣ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትና የተባበሩት መንግሥታት አንድ ዓይነት አይሉም።

ቻትጂፒቲ፣ ቴሌግራም፣ ዊኪፒዲያ

ቻትጂፒቲ የሌለ ጽሑፍ ፈጥሮ ከነጆርናሉ፣ ከነገጹ ሊሰጣችሁ ይችላል። የሚያስፈራው ደግሞ ማማሩ ነው፤ የደራሲው ስም እውነተኛ ነው፣ ጆርናሉም አለ፣ አርቲክሉ ብቻ የለም። ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ አየር መንገድ ክስ ላይ ጠበቆች እንዲህ የፈጠራቸውን ፍርዶች ለፍርድ ቤት አስገብተው በሰኔ 2023 በፈረንጅ 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቃ ከተሸወደ ተማሪማ። እኔ የምጠቀምበት ለአንድ ነገር ነው፦ «መቀንጨር» ለሚለው ጉዳይ ተመራማሪዎች በእንግሊዝኛ ምን ምን ቃላት እንደሚጠቀሙ ይነግረኛል። ቃላቱን ይዤ ስኮላር እሄዳለሁ። ዋቢ አልጠይቀውም።

ቴሌግራም ማድረሻ እንጂ ምንጭ አይደለም። መጽሐፉ ስንተኛ ኅትመት እንደሆነ አይታወቅም፣ ገጽ ይጎድላል፣ አንዳንዱም ሳይፈቀድ የተሰቀለ ነው። ዊኪፒዲያን ለመግቢያ አንብቡ፣ ግርጌው ላይ ያሉትን ምንጮች ተከተሉ፣ እሱን ራሱን አትጥቀሱ። አለቀ።

| አማራጭ | ማን አይቶታል | ወጪ | ለአገር ውስጥ ርዕስ ቅርበት | ጊዜ | ለምን ይሁን |
|---|---|---|---|---|---|
| የድሮ ቴሲስ | አማካሪና ፈታኞች | ነፃ፣ መጠነኛ ዳታ | በጣም ቅርብ | አጭር | ለመነሻ፣ ለዋቢ ካርታ፣ ለዘዴ |
| ጉግል ስኮላር | የተደባለቀ | ነፃ፣ አንዳንዱ ጽሑፍ በክፍያ | መካከለኛ | በጣም አጭር | ለፍለጋ፣ ማን ማንን እንደጠቀሰ ለማየት |
| ሂናሪ፣ አጎራና መሰሎቻቸው | በአብዛኛው የተገመገመ | በተቋም በኩል ነፃ | መካከለኛ | መጀመሪያ ላይ ረጅም | ለጤና፣ ለግብርና፣ ለሳይንስ |
| የአፍሪካ ጆርናሎች ስብስብ | በአብዛኛው የተገመገመ | ብዙው ነፃ | ቅርብ | አጭር | ለአገር ውስጥ ጥናቶች |
| ላይብረሪና መዛግብት | እንደ ሰነዱ | ትራንስፖርት፣ ኮፒ | በጣም ቅርብ | ረጅም | ለታሪክ፣ ለባህል፣ ለሕግ |
| የመንግሥት ጥናቶች | የጥናቱ ባለሙያዎች | ነፃ | ቅርብ፣ ግን ዞን ላይ አይደርስም | አጭር | ለቁጥር |
| ቻትጂፒቲ | ማንም አላየውም | ዳታ | አይታመንም | ፈጣን፣ ማጣራቱ ረጅም | ለፍለጋ ቃላት ብቻ |

ያገኙትን መመዘን

ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው ጽሑፉን ይዞ ዝርዝር መጠይቅ መሙላት ነው፦ ዓመቱ፣ ደራሲው፣ ዓላማው እያሉ። ሁለተኛው ከጽሑፉ ወጥቶ ሌሎች ስለሱ ምን እንደሚሉ ማየት ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቀሽም ጆርናል ራሱን ማሳመር ይችልበታል፤ ድረ ገጹ ያማረ፣ የቦርድ አባላቱ ፎቶ የተደረደረ ነው።

ጆርናሉን የማታውቁት ከሆነ ነፃ ጆርናሎችን አጣርቶ የሚመዘግበው ዶአጅ ላይ አለ ወይ በሉ። «በሦስት ቀን እናትማለን» የሚል ከሆነ ሽሹ፣ በሦስት ቀን ማንም ገምጋሚ አንብቦ አይጨርስም። ከዚያ የጽሑፉን ርዕስ «ሪትራክትድ» ከሚለው ቃል ጋር ፈልጉ፣ አንዳንዱ ጽሑፍ ታትሞ በኋላ ተሽሯል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው የ1998ቱ ጽሑፍ ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ነበር የወጣው፣ የተሻረው በ2010 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! በዚያ መሃል ስንቱ ጠቀሰው።

የጥቅሱ ብዛትም አያታልላችሁ። የሚጠቀሰው ለመንቀፍም ነው።

መጥቀሻ መሣሪያዎች

በእጅ መጻፍ ለአሥር ዋቢ ይበቃል። ከሃያ ካለፈ ትደክማላችሁ፣ አንዱን አንቀጽ ስታወጡ ዋቢው ዝርዝሩ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ማይክሮሶፍት ወርድ የራሱ የሪፈረንስ ክፍል አለው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ግን ሁሉን በእጅ ትሞላላችሁ። ዞቴሮ ከ2006 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው፣ ብሮውዘር ላይ አንዴ ተጭናችሁ የአርቲክሉን መረጃ ይለቅምላችኋል። በነፃ የሚሰጠው የፋይል ቦታ 300 ሜጋ ባይት ነው፣ ፒዲኤፎቹን ላፕቶፓችሁ ላይ ብቻ ካስቀመጣችሁ ግን ይሄ አያሳስብም። ሜንደሌይ 2 ጊጋ ይሰጣል፣ ባለቤቱ ኤልዘቪር ነው፤ ብዙ ፒዲኤፍ ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ለሚያዘዋውር ሰው ይመቻል። ኤንድኖት በዶላር ነው፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ካልገዛው እለፉት። እኔ ዞቴሮን ነው የምለው።

ስኮላር ላይ «ሳይት» ስትሉ የሚመጣውን ዝግጁ ጽሑፍ ደግሞ ሳታዩ አትለጥፉ። ገጽ ቁጥር ይጎድለዋል፣ ስም ያጣምማል።

ስም ካነሳን አይቀር የኛን ስም ማንም መሣሪያ አያውቅም። የታሪክ ፕሮፌሰሩን ባሕሩ ዘውዴን ውሰዱ። ስማቸው ባሕሩ ነው፣ ዘውዴ አባታቸው ናቸው። መሣሪያው በፈረንጅ ሥርዓት «ዘውዴ፣ ባ.» ያደርገዋል፤ መጽሐፉን አባትየው የጻፉት ይመስላል። መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ ስሙ ሁለት ላይ ተነጥሎ ሲገባ «ማርያም፣ መ. ወ.» ይሆናል። ማርያም የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር ሆነች ማለት ነው። ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም ጎን ያለችውን ምልክት ተጫኑ፣ ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል፣ ሙሉ ስሙን እንዳለ ጻፉት። ወርድ ላይ «ኮርፖሬት ኦተር» የሚለውን ምልክት አድርጉ፣ ስሙን አይገለብጠውም። ግን አንዳንድ ክፍል ኤፒኤ የሚባለውን የዋቢ አጻጻፍ ሥርዓት ቃል በቃል ካልተከተላችሁ ይላል፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከመረጣችሁት ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ አድርጉት። አንዱ ተገልብጦ ሌላው ቀጥ ብሎ ከቆመ ነው ዓይን የሚወጋው።

ሁለተኛው የኛ ጣጣ ዓመት ነው። በ2001 ዓ.ም. የታተመን የአማርኛ መጽሐፍ «2001» ብላችሁ ከእንግሊዝኞቹ ጋር ብትደረድሩት አንባቢው ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስለዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ትደምራላችሁ፤ ወሩ ካልታወቀ «2001 ዓ.ም.» ብሎ ግልጽ ማድረግ ይሻላል። አዋጅ ሲሆንማ የባሰ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛ ቁጥሩ 1156/2011፣ በእንግሊዝኛ 1156/2019 ነው። አንድ አዋጅ ነው። ሁለት አድርጎ የጠቀሰ ወረቀት አይቻለሁ፣ «አዲሱ አዋጅ አሮጌውን አሻሽሎታል» የሚል ትንታኔም ነበረው።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ስልክና ትንሽ ፓኬጅ ብቻ ያለው ሰው በስኮላር ይፈልግ፣ ማጠቃለያውን ብቻ ያንብብ፣ የሚያወርደውን ይምረጥና ካምፓስ ዋይፋይ ሲያገኝ ባንዴ ያውርድ። ዋቢውን ስልኩ ላይ ባለ ማስታወሻ ይመዝግብ፦ ደራሲ፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ ጆርናል፣ ገጽ። አምስቱ ካሉ ሌላው በኋላ ይደርሳል።

ላፕቶፕ ያለውና ጤና ወይም ግብርና የሚያጠና ሰው መጀመሪያ ወደ ላይብረሪው ሠራተኛ ይሂድ፣ ዞቴሮ ይጫን፣ ከአንድ አዲስ ቴሲስ ዋቢ ይነሳ። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው የመዛግብቱን ጉዞ ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ ያድርገው፣ መጨረሻ ላይ አይሆንም፤ የፈለጉት ፋይል ባይገኝ ርዕስ ለመቀየር ጊዜ ይኑር።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ኮሌጅ ሆናችሁ ስለ ኢትዮጵያ የምትጽፉ ደግሞ ችግራችሁ ተቃራኒ ነው፣ በሩ ሁሉ ክፍት ነው፣ የአገር ቤቱ ምንጭ ግን ይርቃል። የኮሌጃችሁ ላይብረሪ መጽሐፍ ከሌላ ላይብረሪ ተውሶ ያመጣላችኋል፣ ለተማሪ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። ለመምህሩ የደራሲዎቻችንን ስም ጉዳይ በአንድ የግርጌ ማስታወሻ አስረዱት፣ የኢትዮጵያን ስም አያውቅ ይሆናል።

ሁለት ሳምንት ብቻ የቀራችሁ ካላችሁ አዲስ ነገር አትፈልጉ። ያላችሁን ዝርዝር አትሙ፣ እስክሪብቶ ያዙ፣ ያላነበባችሁትን ራሳችሁ በቀይ አክብቡ። ከዚያ ወይ አንብቡት፣ ወይ አውጡት። እህቴ ትናንት ማታ ከሠላሳ አራቱ አሥራ አንዱን አክብባለች፣ ሰባቱን አውጥታ አራቱን እያነበበች ነው።